ከመጨረሻው ገጽ

ሥራዬ መስማትና መጻፍ ነው። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ከምክር ቤቱ አዳራሽ መካከል ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ተቀምጬ እንደራሴዎቹ የሚሉትን ሁሉ በአጭር ምልክት እጽፋለሁ። ምልክቱን የሚያነብ ከእኔና ካስተማረኝ ከጋሼ ሌላ ማንም የለም። ጋሼ አራሚዬ ነው፤ አንድ ቃል ከዘለልኩ ቀኑን ሙሉ ሲነዘንዘኝ ይውላል። ደብተሩንም ሁልጊዜ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ነው የሚያየው። "ጸሐፊ የሚሳሳተው ሲደክመው ነው" ይላል።

ያን ቀን ንጉሡ ምክር ቤቱን መዝጋታቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ በእልፍኝ አስከልካያቸው ላኩ። ተነብቦ ሲያልቅ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ "መስኮቱ ይዘጋልኝ" ከማለት በቀር ትንፍሽ ብሎ የማያውቀው ፋርማሲስቱ እንደራሴ፣ ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ "ሕዝብ የከፈተውን ቤት ንጉሥ አይዘጋውም!" አለ። ወዲያው ሁሉም ተነሥቶ ተንጫጫ። እኔ ግን አፉን አይቼዋለሁ፤ ቃሉንም ከነስሙ ጽፌዋለሁ።

ከቀትር በኋላ እልፍኝ አስከልካዩ ቢሮዬ ገብቶ በሩን ዘጋ። እንደራሴዎቹ ሁሉ "ማን እንዳለው አላየንም" ብለውታል።

"ማነው ያለው?"

"ድምፅ ነው የሰማሁት ጌታዬ። ፊቱን አላየሁም።"

"ልጆች አሉሽ አይደል? ብትዋሺኝ አብረሽው ነው የምትሰቀዪው።" ቁልቁል አየኝ። "እጅሽ ይንቀጠቀጣል።"

እኔም እጄን አየሁ። መንቀጥቀጥ አልነበረም። ልማድ ክፉ ነው፤ እጄ ሳላዘው ጥያቄውንም፣ ዛቻውንም፣ ውሸቴንም ደብተሩ መጨረሻ ላይ እየጻፈ ነበር።

ደብተሩን ነጠቀኝና ጋሼን አስጠራ። ጋሼ በሠላሳ ዓመት ሥራው የተጻፈውን እንጂ ሌላ አንብቦ አያውቅም። የገዛ ወንድሙ እንደራሴ ሳለ ያመለጠውን ስድብ "አውጣልኝ" ብሎ ቢለምነው እንቢ ብሎት እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። እንዳለ ካነበበው ፋርማሲስቱ አለቀለት፤ እኔም እከተላለሁ። በዓይኔ እንዳልጠቅሰው እልፍኝ አስከልካዩ በመካከላችን ቆሟል።

ጋሼ መነጽሩን አደረገና እንደ ልማዱ ከመጨረሻው ገጽ ጀመረ። ቆየ። ቀና አላለም፤ ከጆሮው ሥር ግን ላብ ሲወርድ አየሁ።

"ያንብቡ እንጂ አባት!"

ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠ። "'ድምፅ፦ ሕዝብ የከፈተውን ቤት ንጉሥ አይዘጋውም።' ተናጋሪው አልታየም ይላል።"

"መጨረሻው ላይ ያለውስ?"

"ስብሰባው ተበተነ ነው የሚለው።"

እልፍኝ አስከልካዩ ሁለታችንን እያፈራረቀ አየንና ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወጣ። ጋሼ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። "'ልጆች አሉሽ' ከማለቱ በፊት 'እህቴ' ብሎሻል" አለኝ። "እንዲህ ያሉ ሰዎች እህቴ ሳይሉ አያስፈራሩም። ዘለሽዋል።"

እውነቱን ነው፤ ብሎኝ ነበር። ልስቅ ስል አለቀስኩ።

ሰኞ ዕለት ከቤተ መንግሥት ሁለት ሰዎች ባዶ ደብተር ይዘው መጡ። "ይህን ጽሕፈት እንዲያስተምሩን ታዘናል" አሉ። የእኔ ደብተር ቤተ መንግሥት ነው፣ የፋርማሲስቱም ስም እዚያው ውስጥ።

ጋሼ ጠመኔ አነሣ። በእኔ ጊዜ አንዲት ጭረት ብታዘነብል ጣቴን በማስመሪያ ይመታኝ የነበረው ሰው፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የመጀመሪያውን ምልክት ቀስ ብሎ ጻፈ። ዞር ብሎም አየኝ።

ምልክቱ የተሳሳተ ነበር።

"በሉ ቅዱ" አላቸው። "ስህተት አልወድም።"