ከአረንጓዴው ስር

ልብስ ሰፊዋ አንዲት ልጅ ብቻ አለቻት። የሰፈሩ ሰው ልጅቷን «ቅጥያ» ይላታል፤ ከእናቷ ቀሚስ ተለይታ ስለማታውቅ። ትምህርት ቤት ካልሆነች ከስፌት መኪናው ስር ቁጭ ብላ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትለቅማለች። ውጪ ልጆች ሲንጫጩ በመስኮት ብቅ ብላ አይታ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እስካሁን ከእናቷ ጎን ካልተኛች እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ እንደ ሙያው አንደበቱ አያርፍም። «ይቺ ልጅ እኮ ቀሚስሽ ላይ ተሰፍታ ነው የተገኘችው» ይላል ሚስቱን።

ቤተ ክርስቲያናቸው ትምህርት ሲዘጋ ልጆችን ለሁለት ሳምንት ከከተማ ወጣ ወዳለ ካምፕ እንደምትወስድ ባስታወቀች እሁድ፣ ይኸው አባት ማንንም ሳያማክር የልጁን ስም አስመዘገበ። እናት ቤት እስኪገቡ ዝም አለችው። ቤት ከገቡ በኋላ ግን ዝም አላለችውም።

«እኔ ሳልጠየቅ?»

«ብጠይቅሽ ምን ትይ ነበር?»

«እምቢ ነዋ።»

«ያው ለሱ ነዋ ያልጠየቅኩሽ።»

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? የሚያበሽቀው ደግሞ ልክ መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ እናት ታምማ ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር፤ ልጅቷ እህል ባፌ አይዞርም ብላ ቤተሰቡን ሁሉ አስጨነቀች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «እኔ ባልኖርስ?» የሚል ነገር እናት ሆድ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ስለዚህ ተነጫነጨች፣ ተነጫነጨችና ተወችው።

የወላጆች ስብሰባ ላይ የካምፑ አስተባባሪ፣ ፈገግታ ከፊቷ የማይጠፋ ደልደል ያለች ሴትዮ፣ ከካምፑ ምን መጠበቅ እንዳለባቸው አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ጠዋት ጸሎትና መዝሙር፣ ከዚያ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ፣ ከሰዓት ጨዋታ። አልጋቸውን ራሳቸው ያነጥፋሉ፤ የበሉበትን ሳህን ራሳቸው ያጥባሉ። እዚህ ላይ ወላጅ ሁሉ ሳቀ። ስልክ የለም። የዕለቱ ፎቶ ማታ ማታ በወላጆች ግሩፕ ላይ ይለቀቃል።

«የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለቅሳሉ» አለች አስተባባሪዋ። «ካሁኑ ልንገራችሁ፤ ያለቅሱና ይተዉታል። ብቻ በእግዚአብሔር፣ መጥታችሁ እንዳትወስዱብን። መሀል ላይ የተወሰደ ልጅ ካምፕ ማለት የሚለቀስበት ቦታ ነው ብሎ ይዞት ይቀራል።»

አንድ አባት እጁን አውጥቶ «ወላጅ ሲያለቅስስ?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም፤ መልሱን መስማት ፈልጋ ነበር።

ስብሰባው ሲያበቃ አስተባባሪዋ ጠጋ ብላ ለልጆቹ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ካናቴራ እንድትሰፋላቸው ጠየቀቻት። «አጭር እጅጌ፣ ቀለል ያለ» አለች። እናት ግን የሰው ልጆች ሁሉ አንጀቷን በሏት። «ከከተማ ውጪ ማታ ማታ ይበርዳል፤ እንዴት አጭር እጅጌ? እጅጌው ይርዘም። አንገቱም ገጥሞ ይያዝ፤ ጉንፋን ይዘው ይመለሱ እንዴ?» ብላ ተከራከረች፣ አሸነፈችም። ምነው ያን ቀን አፏን በያዘችው። ግን ማን ያውቃል?

ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀር ቅጥያ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ አልለቅም አለች። አባት ቀልዶ ሞከረ፣ ቆጣ ብሎም ሞከረ። ወይ ፍንክች። እናት ለልጇ ሁለት ስስ፣ ባለ እጅጌ የውስጥ ልብስ ሰፍታ ነበር፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። ሌላ ማባበያ ብታጣ እነሱን አነሳች።

«ስሚኝ የኔ እመቤት። ደህና ከሆንሽ ሰማያዊውን ልበሺ። እማዬ ነይና ውሰጂኝ ካልሽ ቀዩን። ፎቶው ላይ አይቼ እመጣልሻለሁ።»

«እውነት ትመጫለሽ?»

«ስሞትልሽ። በእግሬም ቢሆን።»

ልጅቷ ቀሚሱን ለቀቀች።

የመጀመሪያው ፎቶ ሲመጣ እናት ስልኩን ከባሏ እጅ ነጠቀችው። ልጆቹ ሁሉ አረንጓዴ ለብሰዋል። ለመክፈቻና ለመዝጊያ ቀን ብቻ የሚለበስ መስሏት ነበር፤ ለካ የየዕለት ልብስ ነው። በማግስቱም አረንጓዴ። በሦስተኛውም ቀን አረንጓዴ፤ እስከ አገጭ የተቆለፈ፣ እስከ እጅ አንጓ የወረደ፣ የገዛ እጇ ሥራ። ምን ሆንሽ ሲላት የሰማያዊውንና የቀዩን ነገር ለባሏ ነገረችው። ሳቁን ሊለቀው ነበር፣ ፊቷን ሲያይ ተወው።

ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ፎቶ ማስፋት ሆነ። በሁለት ጣቷ ታሰፋለች፣ ታሰፋለች፣ ምስሉ ይደበዝዛል። አንድ ቀን ታዲያ ልጅቷን ከሰልፉ ጫፍ አገኘቻት። እጇን አንገቷ ላይ አድርጋለች። ከአረንጓዴው አንገት በላይ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ ነገር ይታያል።

«አየኸው?»

«ጥላ ነው» አለ ባሏ።

«ቀይ ጥላ የት አገር ነው የምታውቀው?»

ስልኩን ተቀብሎ እሱም አስፍቶ አየው። አስተባባሪዋ ዘንድ ተደወለ። «ደህና ናት። ትበላለች፣ ትጫወታለች፤ ትንሽ ዝምተኛ ናት እንጂ» አለች። ከዚህ ስልክ ምን ይገኛል? እናት ጠዋት ተነስታ አውቶቡስ ተሳፈረች።

አስተባባሪዋ ካምፑ በር ላይ ስታገኛት አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር፤ እናት የምትመልሰው አታጣም።

«የኔ እህት፣ ልጅሽ ናት፣ ከወሰድሻት ማን ይከለክልሻል?» አለች። «ግን መጀመሪያ ሳታይሽ እያት።» ይዛት በጓሮ ዞረችና ወጥ ቤት አስገባቻት።

በመስኮቱ በኩል ልጆች ከረጅሙ ገንዳ ዳር ተደርድረው ሳህን ያጥባሉ። ቅጥያ መሀላቸው ናት። እጅጌዋን ሰብስባለች፤ ቀዩ እስከ ክርኗ ይታያል። አጠገቧ ያለችው ልጅ ውሃ ረጨቻት። ቅጥያም መልሳ ረጨቻትና ሳቀች። ለክፉ የማይሰጥ፣ የደህና ልጅ ሳቅ ነበር። እናት ይህን ሳቅ ከቤት ውጭ ሰምታው አታውቅም።

«አሁን ብታይሽ ታለቅሳለች» አለች አስተባባሪዋ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ካላየችሽ ግን ይኸው ትስቃለች። አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

አንቺ ነሽ የምታውቂው። ምኑን ነው የምታውቀው? ቀዩ ነይ ይላታል፣ ሳቁ ሂጂ ይላታል። ምናልባት ሰማያዊው ታጥቦ አልደረቀ ይሆናል። ምናልባት ልጅቷ ምልክቱን ረስታዋለች። እናት እንዲህ እንዲህ እያለች ለራሷ ምክንያት ስታቀብል ቆየችና በመጣችበት ጓሮ ተመልሳ ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እስከ ከተማ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ፎቶ ማየት ተወች። ባሏ ስልኩን ሲዘረጋላት «በዓይኔ አይቻታለሁ፣ ደህና ናት» ትላለች።

ካምፑ ሲያበቃ ልጅቷ ፀሐይ አጥቁሯት፣ ሻንጣዋን ራሷ ይዛ ከአውቶቡስ ወረደች። እናቷን አቀፈቻት፤ ልቅሶ የለ፣ ምን የለ። ቤት ገብታ ምሳ በላችና ሳህኗን ሳይነግሯት አጠበች። አባት በደስታ የሚሆነውን አጣ። «ቅጥያችን ተቀደደችልን!» እያለ ደንበኛውን ጥሎ ወደመጣበት ፀጉር ቤት ሮጠ።

እናት ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ወደ ስፌት ክፍሉ መጣች፤ ከመኪናው ስር አልገባችም፣ አጠገቧ ቆመች።

«እማዬ።»

«ወዬ።»

«ቀዩን አይተሽው ነበር?»

የእናት እግር መርገጫው ላይ ደረቀ። አይቼዋለሁ ብትል፣ ታዲያ ለምን አልመጣሽም ይከተላል። መጥቼ በወጥ ቤት መስኮት አይቼሽ ተመለስኩ ብትል ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው።

«አላየሁትም» አለች።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። አልተቀየመችም። «እኔም እንደዛ ብዬ ነው። በየቀኑ ለብሼዋለሁ እኮ። ቀን ቀን እንኳን ጨዋታ ነበር። ስተኛ ነው የሚከፋኝ። ስተኛ፣ አላየችውም ማለት ነው፣ ብታየው ትመጣ ነበር እላለሁ። ከዛ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ልጅቷ ሻንጣዋን ከፍታ አረንጓዴውን ካናቴራ አወጣችና የመኪናው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

«የዛሬ ዓመት ስሄድ አንገቱን ሰፋ አድርጊው» አለች። «ቀዩ እንዲታይሽ።»

«እሺ» አለች እናት።

መቀሱን አንስታ የአንገቱን ስፌት መፍታት ጀመረች። ልጅቷ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ታያታለች። ስፌቱ የገዛ እጇ ነው፤ ጠብቆ አልፈታ አላት።