ጭንቅላት የማይታይበት መኪና

ቱ፣ ይኸው ዛሬም አፌ ውስጥ ተፋብኝ፣ ሰው አይደለም አውቶቡሱ ነው፣ ጥቁር ጭሱን ቡልቅ አድርጎ ምላሴ ላይ፣ ናፍጣ ናፍጣ ይለኛል፣ አፍህን ዘግተህ ሳይክልህን ንዳ ብዬ ለራሴ ስንቴ ነገርኩት፣ ዛሬ ግን አልዘጋ ብሏል፣ ዓይኔ እሷን ሲፈልግ አፌ ተከፍቶ ቀረ። የለችም። መብራቱ ጋ የለችም። ሁሌ እዚህ መብራት ጋ፣ አንድ እግሯን የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ አሳርፋ፣ የቢሮ ጫማዋን በላስቲክ ጠቅልላ ፊት ያለው ቅርጫቷ ውስጥ ከታ፣ በነጠላ ጫማ የምትነዳው ሴትዮ። ባለቅርጫቷ ነው የምላት፣ ሁለት ክረምት ሙሉ አንድ መንገድ ነድተን ስሟን አልጠየቅኳትም፣ ወይ የኔ ነገር።

አርፍዳ ይሆናል። ጉንፋን ይዟት ይሆናል። ይሆናል ይሆናል፣ ራስህን አትደልል ሰውዬ፣ ማታ የሰማኸውን ሰምተሃል።

ማታ። ወንድሜ ገበታው ላይ፣ ጋሼ ነው የምለው፣ ታላቄ ነው፣ ቤቱም የሱ ነው፣ እኔ ጓሮ ካለችው ክፍል አድራለሁ፣ እራት ግን ከነሱ ጋር ነው፣ ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፣ ጋሼ ጣቱን እየላሰ ይስቃል፣ ዛሬ ምን እንደገጠመኝ ታውቃላችሁ፣ አንዷ ያንተ ቢጤ፣ ይላል ወደኔ እያየ፣ አንዷ ያንተ ቢጤ ሳይክለኛ፣ መኪናዬን ዳር አቁሜ ስልኬን ጨርሼ ልወርድ በሩን ብርግድ ሳደርገው ድው! ተለጠፈችበት፣ እንደ ዝንብ። እንደ ዝንብ ነው ያለው። ከዚያስ፣ ትላለች ሚስቱ። ከዚያማ ጫማዋ ከቅርጫት ወጥቶ በረረ፣ አንደኛው ኮፈኔ ላይ ቂብ አለ፣ ጉደኛ እኮ ናት፣ ሰው ጫማ እግሩ ላይ ያደርጋል እሷ በቅርጫት ታንሸራሽረዋለች! ሚስቱ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሳቅኩ እኮ። አፌ ሙሉ ምግብ ነበር፣ ትን ሊለኝ ሲል በውሃ አወረድኩት። ቆይቼ፣ እሷስ ምን ሆነች፣ አልኩት። ምን ትሆናለች፣ አቧራዋን አራግፋ ተነሥታ ሄደች፣ አለና ቻናል ቀየረ።

ተነሥታ ሄደች። እሺ። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ፣ በዚህ ከተማ ጫማዋን በቅርጫት ይዛ የምትነዳ ስንት ሴት አለች፣ እያልኩ ነጋ።

አረንጓዴ። ግፋ። ገና ሳይበራ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ይነፋዋል፣ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አስግጎ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ወይ መኪና ግዛ ወይ በእግርህ ሂድ! ሽማግሌ ያለኝ እኔን ነው፣ ጆሮ ግንዴ ላይ ትንሽ ስለሸበትኩ፣ መልስ ብሰጠው ይተፋብኛል፣ የሚኒባስ ረዳት አክታ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ በልብሴ አውቃለሁ። ሥጋ ቤቱ ደጅ ደግሞ ይኸው ወለላቸውን አጥበው ቀዩን ውሃ ወደ መንገዱ ለቀውታል፣ ጎማዬ ያነሣውና እግሬ ላይ፣ ሱሪዬ ላይ፣ እፍ፣ እግሬን ወደ ላይ ሰቅዬ አልፋለሁ፣ ቀጥሎ የተከፈተ ቱቦ፣ ቀጥሎ አስፋልት ላይ የተለጠፈች አይጥ፣ ከትናንት ወዲያ ወፍራም ነበረች ዛሬ ወረቀት ሆናለች። ይህ ከተማ ያቅለሸልሸኛል። ከተማው ብቻ ቢሆን ምን አለ፣ ሰው ነው፣ የሰው ሳቅ ነው።

ሥራዬ ጥርስ ነው። የጥርስ ሐኪሞቹ የሰውን አፍ ልክ በጀሶ ይልኩልኛል፣ እኔ በሰም እቀርጻለሁ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ፣ ስለዚህ ሰው ሲስቅ መጀመሪያ የማየው ፊቱን አይደለም ጥርሱን ነው። የጋሼን የላይኞቹን ሁለት የፊት ጥርሶች የሠራሁለት እኔ ነኝ፣ ቀለማቸው ከጎረቤቶቻቸው ጋር እንዲመሳሰል ስንቴ አፍርሼ ስንቴ ሠራሁ፣ ማንም አይለያቸውም፣ ማታ በነሱ ነው የሳቀባት፣ እኔ በሠራሁት ጥርስ። ኤጭ!

ጠዋት ሳይክሌን ከጓሮ ሳወጣ ሚስቱ ልብስ ታሰጣለች። እትዬ፣ ያ ማታ ጋሼ ያወራው፣ ሴትዮዋ እውነት ተነሥታለች? ሳትዞር፣ መቆንጠጫውን በጥርሷ እንደያዘች፣ ተወው በናትህ፣ ዝም አይነቅዝም። ዝም አይነቅዝም! ማነው ይህንን ተረት ያወጣው፣ ይነቅዛል እንጂ፣ ደረቴ ውስጥ ቅርር ቅርር ሲል ይሰማኛል።

እነዚያ ደግሞ የቆሙት መኪኖች። በረድፍ። የኋላ መስታወት፣ ጭንቅላት፣ አለ፣ ራቅ። የኋላ መስታወት፣ ጭንቅላት፣ የለም፣ ጠጋ። ይህንን ያስተማረችኝ ባለቅርጫቷ ናት፣ አንድ ቀን የታክሲ በር ክርኔን ሲልጠኝ አይታ፣ ስማኝማ ወንድም፣ የቆመን መኪና በኋላ መስታወቱ እይ፣ ጭንቅላት ካለ በር ይከፈታል፣ ጭንቅላት ከሌለ የቆመ ብረት ነው፣ ተጠግተህ እለፍ፣ ወደ መሐል ከወጣህ ገልባጭ መኪናው ይጨፈልቅሃል። ከዚያ ወዲህ ሳይክል ስንነዳ የምናየው ጭንቅላት ብቻ ነው፣ ከፊት ያለው ለኋላው በእጁ ያሳያል፣ እጅ ወደ ጎን ጭንቅላት አለ፣ እጅ ወደ ታች ጉድጓድ አለ። ሰላምታችን ይኸው ነበር። ዛሬ ነፋስ ነው፣ ትለኛለች። ምን ይደረግ፣ መግፋት ነው፣ እላታለሁ። ሌላ ነገር አውርተን አናውቅም።

ጋሼ ደግሞ ስልክ ሲያወራ ወንበሩን ይለጥጠዋል። አውቃለሁ እኮ፣ ስንት ጊዜ ከጎኑ ተቀምጫለሁ፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ፣ ጋደም ይላል፣ ሆዱ ብቻ ወደ ላይ፣ ሲጨርስ ቀና ሳይል፣ ስፖኪዮ ሳያይ፣ በሩን በጉልበቱ። ከኋላ ለሚመጣ ሰው መኪናው ውስጥ ማንም የለም። አየች። ጭንቅላት የለም። ጠጋ አለች። ወይኔ። ጥንቃቄዋ ነው የጣላት፣ እንደ ሌላው ዝም ብላ መሐል ለመሐል ብትነዳ ታልፈው ነበር።

አታውቅም እኮ፣ ሌላ ሴት ልትሆን ትችላለች፣ ዝም ብለህ ነው ነገር የምታበላሸው፣ ሄደህ ሥራህን ሥራ፣ ጀሶው እየደረቀ ነው።

ቁልቁለቱ። ፍሬን። እዚያ ማዶ ጎሚስታው ጎማ ነፍቶ በርሜል ውሃ ውስጥ ይደፍቀዋል፣ አረፋ ይፈልጋል። እና ከበርሜሉ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈው፣ አይደለም፣ ነው፣ ቅርጫቱ እንደ ወረቀት ተጨማዷል፣ የፊት ጎማው ስምንት ቁጥር ሆኗል፣ ኮርቻው ላይ ያቺ የምታስራት ሰማያዊ ጨርቅ።

ወረድኩ። ሳይክሌን ዳር አስደገፍኩ። የማን ናት ይቺ፣ እላለሁ፣ የማን እንደሆነች እያወቅኩ። የዚያች ጓደኛህ ናታ፣ ይላል ጎሚስታው እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ፣ ትናንት አመሻሽ፣ እዚህ ከፍ ብሎ፣ የመኪና በር። ተነሥታ ሄደች አይደል? ምን ተነሥታ ትሄዳለች አንተ፣ ታክሲ ውስጥ በጨርቅ አድርገን ነው ያስገባናት፣ ዳሌዋ ነው መሰለኝ፣ ስትጮህ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሰውየውስ? ሰውየውማ ወርዶ በሩን አየ። በሩን? በሩን፣ በመዳፉ ዳበሰው፣ ኮፈኑ ላይ የወደቀውን ጫማ በሁለት ጣቱ አንሥቶ፣ ቆሻሻ እንደሚያነሣ ሰው አድርጎ ወረወረና ነዳው። ታርጋውን ያየ የለም? ማን ያያል ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን መዝዞ እሷን ሲቀርጽ፣ ስትንፈራገጥ ይቀርጻታል፣ መኪናውን አንድም ሰው አልቀረጸውም።

በሩን ዳበሰው። በሁለት ጣቱ። የጎሚስታው በርሜል ላይ አጎንብሼ ምራቄን እተፋለሁ፣ አይወጣም፣ ማታ የሳቅኩት ሳቅ ነው ጉሮሮዬ ላይ የተቀመጠው። ታርጋውን? ታርጋውን በእረፍት ቀን በስፖንጅ የማጥበው እኔ ነኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እጽፈዋለሁ።

የት ወሰዷት? ትልቁ ሆስፒታል። ሳይክሌን አዞርኩት። ሥራው ይቅር፣ አለቃዬ ያብድ፣ አንድ ቀን ያለ ጥርስ ቢውሉ አይሞቱም።

ሽቅብ ነው፣ ትንፋሼ ያጥራል፣ ሐሳቤ ግን ቁልቁል ይሮጣል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ነው፣ ለሳይክል መስመር ስላልተሠራ ነው፣ ከኋላው ደግሞ ገልባጭ መኪና ሳይኖር አይቀርም፣ ጋሼ ደንግጦ ነው የነዳው፣ ሰው ሲደነግጥ ምን ያደርጋል፣ ተው፣ ተው፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ፣ የደነገጠ ሰው እራት ላይ አይተርክም። ሳይክል ያስተማረኝ እኮ እሱ ነው። አባታችን በሞተ ዓመት፣ ከሰው ተውሶ አመጣና፣ ኮርቻውን ከኋላ ጨብጦ ይሮጣል፣ ዞረህ አትይ፣ አለሁልህ፣ ዞረህ አትይ፣ ሲያለከልክ ይሰማኛል፣ ስወድቅ ጉልበቴን በምራቁ ያብስልኛል፣ ያኔ ምራቁ አይቀፈኝም ነበር፣ መድኃኒት ነበር። ይህ ሰውና ጫማ በሁለት ጣቱ ያነሣው ሰውዬ አንድ ናቸው? የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፣ ወንድምና ወንድም አይመሳሰልም ለማለት፣ የአንድ ሰው ሆድስ? እወደዋለሁ። ይዘገንነኛል። ሁለቱም እውነት ነው፣ ምን አባቴ ላድርግ።

ብናገርበት ይታሰራል። ብናገርበት ከጓሮው ክፍል እወጣለሁ፣ እሱ ግድ የለም፣ ሰው ክፍል አያጣም፣ ግን ወንድም ብዬ የምጠራው ሌላ ሰው የለኝም። ዝም ካልኩ ደግሞ ነገ ጠዋት እዚያ መብራት ጋ እቆማለሁ፣ በየቀኑ።

ሆስፒታል። ሳይክልህን ከዚህ አንሣ፣ ይላል ጥበቃው፣ ለመኪና የተከለለ ነው። አዎ ጌታዬ፣ ለመኪና ያልተከለለ ምን አለ። ኮሪደሩ መድኃኒትና ሽንት ይሸታል፣ ጽዳቷ ወለሉን በዚያው በጠቆረ ውሃ ትወለውላለች፣ ቆሻሻውን ከዚህ አንሥታ እዚያ ታስቀምጠዋለች። የዳሌ ስብራት፣ ትናንት የገባች፣ በሳይክል፣ እያልኩ እጠይቃለሁ፣ ስሟስ? ስሟን አላውቅም። ስሟን ሳታውቅ ልትጠይቅ መጣህ? ነርሷ ከእግሬ እስከ ራሴ ታየኛለች፣ ሱሪዬ ላይ ያለውን ደም መሳይ ውሃ ታያለች፣ ያ በር፣ ትላለች፣ እናቷን አነጋግር።

እናቷ አግዳሚው ላይ ኩርምት ብለዋል፣ ሌሊቱን አልተኙም፣ ፌስታል አቅፈዋል። ማነህ ልጄ፣ ከመሥሪያ ቤቷ ነህ? አይደለም እናቴ፣ መንገድ ላይ ነው የምንተዋወቀው፣ እኔም ሳይክል ነው የምነዳው። ወይ አንተን አሳየኝ፣ አንድ ሰው መጣላት፣ ተነሥተው ሊስሙኝ ነው፣ ጉንጬን ሳሙኝ፣ አገላብጠው፣ ናፍጣ የጠጣ ጉንጬን፣ እግዜር ይስጥህ፣ እንዳንተ ያለውን ያብዛልን፣ የገጫት አውሬ ጥሏት ሲሄድ አንተ ስሟን እንኳ ሳታውቅ፣ ክፉ አይንካህ ልጄ። ምርቃቱ ሰውነቴ ላይ ይራመዳል፣ ልጠርገው አልችልም። በቃ እናቴ፣ በቃ ይቀመጡ።

እንዴት ናት? ዳሌዋን ዛሬ ይከፍቱታል፣ ከዚያ ትሄዳለች አትሄድም ይታያል ብለዋል። ደግሞ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ አእምሮዋ ነው የጨነቀኝ። አእምሮዋ ምን ሆነ? ትቀባጥራለች፣ መኪናው ውስጥ ሰው አልነበረም ትላለች፣ ጭንቅላት የለም፣ አይቻለሁ፣ ጭንቅላት የለም፣ በሩ ግን ተከፈተ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዲያ። ትራፊኩ ሊጠይቃት መጥቶ ይህንን ሲሰማ ሳቅ አለና፣ ባዶ መኪና ነው የገጫት? ብሎ ሄደ። ሐኪሙ ጭንቅላቷ ሳይመታ አይቀርም አለ። አንተ ታውቃታለህ፣ እስቲ ንገረኝ፣ ልጄ እንዲህ ነበረች?

እንዲህ ነበረች እናቴ። ልክ እንዲህ። አልቀባጠረችም። ይህንን ልላቸው ሲገባኝ የፌስታላቸውን ማንጠልጠያ አስተካክላለሁ። በዚህ ከተማ እውነቷን መሆኑን የሚያውቅ አንድ ሰው እዚህ ቆሟል፣ እሱም ማታ ስቆባታል።

ኪሴ ይርገበገባል። ጋሼ ነው። ይጥራ። ይጥራ። እናቲቱ ያዩኛል፣ አንሣው ልጄ፣ ቤተሰብ ይሆናል።

ሃሎ ጋሼ። የት ነህ አንተ፣ ሥራ ቦታህ ደውዬ አልገባም አሉኝ፣ አመመህ እንዴ፣ ምን በላህ፣ ድምፁ ውስጥ እውነተኛ ጭንቀት አለ፣ ምን በላህ የሚለኝ ያው የድሮው ወንድሜ ነው፣ ደህና ነኝ እላለሁ። በል ማታ ቶሎ ግባ፣ ያ ቀለም ቀቢ ጓደኛህን ይዘኸው ና፣ የመኪናዬ በር ትንሽ ተፍቆብኛል፣ ጋራዥ ከወሰድኩት ወሬ ያበዛሉ፣ እንዳንተ ያለ ምስጢር ጠባቂ የት ይገኛል፣ ይላል፣ እና ይስቃል። ጥርሶቹን በስልኩ ውስጥ አያቸዋለሁ።

ጋሼ፣ አጠገቤ አንድ እናት አሉ። እ? የማን እናት? የመኪናህን ወንበር እስከ የት እንደምትለጥጠው ንገራቸው። ምን? አንተ፣ ምንድን ነው የምትለው፣ የት ነው ያለኸው፣ ሃሎ? እኔ የምለው ይኸው ነው፣ ሌላውን አንተ ንገራቸው፣ ቀስ ብለህ ንገራቸው፣ እኔ የትም አልሄድም፣ ሳትነግራቸው ብትዘጋው እኔ እነግራቸዋለሁ።

ስልኩን ከጆሮዬ አነሣለሁ፣ ይሞቃል፣ በላብ ረጥቧል፣ በሸሚዜ እጠርገዋለሁ፣ እንኩ እናቴ፣ እርስዎን ነው። እኔን? ፌስታላቸውን አግዳሚው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ይቀበሉኛል፣ ለሚጠይቃቸው ሰው ሁሉ እንደሚያደርጉት ለምስጋና ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ሃሎ፣ ይላሉ፣ ሃሎ፣ ይስሙኛል ወይ፣ ማን ልበል?