አጭሩ ስም

ባንቺዓለም ሲዲውን አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና ለሦስተኛ ጊዜ መልሳ ከተተችው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እያየች በአንድ ጣቷ ፊደል በፊደል ጻፈች። ኮምፒውተሩ ቀይ መስመር ደረደረባት።

"እንቢ አለኝ" አለች።

የኮምፒውተር ባለሙያው፣ ወጣቱ እንዳለው፣ ከኋላዋ ቆሟል። እንቢ ያሰኘው እሱ ራሱ መሆኑን ያውቃል።

የቢቸናውን የምርጥ ዘር መጋዘን ኮምፒውተር አድስ ተብሎ ከሞጣ የመጣው ትናንት ነበር። ሕንድ አገር፣ ፑኔ፣ አምስት ዓመት ተምሮ ከተመለሰ ገና ስምንት ወሩ ነው። እዚያ ሳለ ሞጣ ይናፍቀው ነበር፤ ሞጣ ሲገባ ደግሞ የፑኔ ባቡር ይናፍቀው ጀመር። ከመጣሁ አይቀር ብሎ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አዲሱን ቅጂ ከያዘው ፍላሽ ጫነ፤ ከእሱም ጋር አዲሱ ፒፕ ገባ። ፒፕ ለፕሮግራም የሚያስፈልጉትን ቁራጮች የሚጭን መጫኛ ነው። ቦታ ለማስለቀቅም ብሎ የማይፈለጉ የመሰሉትን የድሮ ቁራጮች አጠፋ። የዘር መዝገቡ የሚሠራው ለካ በእነሱ ነበር።

አሮጌው ፒፕ አልጠፋም፤ እዚያው ማሽን ውስጥ አለ። ነገር ግን "ፒፕ" ተብሎ ሲጠራ አሁን አቤት የሚለው አዲሱ ነው፤ አዲሱ ደግሞ የሲዲውን የድሮ ቁራጮች አያውቃቸውም። ሌላ እንዳያወርድ ደግሞ ኢንተርኔቱ ለአገር አቀፍ ፈተና ተብሎ ተዘግቷል።

ውጭ ከሰባ የማያንስ ገበሬ ተሰልፏል። ሰኔ ሊገባ ነው።

"እታለም፣ ሰማዩ ጠቁሯል። ስማችንን ጥሪና እንሂድ" አሉ አያ ወልደ ሰንበት በመስኮቱ።

"ትንሽ ይታገሡኝ።"

"እንታገሣለን እንጂ። የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል።"

ወረፋው ሳቀ። ባንቺዓለም አልሳቀችም። ሽማግሌው የተናገሩት ዘግይቶ ገባቸውና "አፌ ይቆረጥ" ብለው ከመስኮቱ ፈቀቅ አሉ።

"ወረቀቱን የጻፈው ማነው?" አለ እንዳለው።

"ባለቤቴ፣ ሣህለ ማርያም። መዝገቡንም የሠራው እሱ ነው።"

"የት ነው አሁን?"

"በደጀን አድርጎ ስደት ወጣ። አራት ዓመቱ። መጀመሪያ ሱዳን ነኝ ይል ነበር። ድምፁን ከሰማሁ ሁለት ፋሲካ አለፈ።"

እንዳለው ወረቀቱን ቀረብ ብሎ አነበበው። "አብሪው። ጥቁሩን መስኮት ክፈቺ" ብሎ ይጀምራል። ከታች ደግሞ፦ "ከተበላሸ አትደንግጪ። ሲዲውን አስገቢና ይህን መስመር ጻፊ። እኔ እስክመጣ ይህ ይበቃሻል።"

"ቀላል ነው" አለ እስክሪብቶ እያወጣ። "አንድ ቁጥር ብቻ ናት የምትጨመረው። ፒፕ ያለውን ፒፕ ሁለት እናደርገዋለን፤ ያኔ አሮጌው ይሰማል።"

ባንቺዓለም መዳፏን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። "በእሱ ጽሑፍ ላይ እንዳትጽፍበት።"

እንዳለው ሌላ ወረቀት ቀደደ፤ መስመሩን በትልልቁ ጽፎ ከባሏ ወረቀት ላይ ደርቦ ለጠፈው። እያየች ጻፈች። ቁራጮቹ ተጫኑ፤ መዝገቡ ተከፈተ። ስም መጥራት ጀመረች፤ ዝናቡ ሳይጥል አያ ወልደ ሰንበት ጤፋቸውን አሸክመው ወጡ።

ወረፋው ሲያልቅ እንዳለው አያት። የአዲሱን ወረቀት ጠርዝ በጣቷ ገለጥ አድርጋ ከሥር ያለውን አየችና መልሳ ለቀቀችው።

"ሠርቷል እኮ" አላት።

"ሠርቷል። እጅህ ይባረክ።"

"ታዲያ?"

"በደወለ ቁጥር 'በጻፍኩልሽ እየሠራሽ ነው?' ይለኝ ነበር። 'አዎ' እለዋለሁ። ዛሬ ቢደውል ምን እለዋለሁ?" ሲዲውን ወደ መሳቢያዋ መለሰች። "አንተ ከሕንድ ስትመለስ ቤትህ እንደነበረ ቆየህ?"

"አልጋዬን እህቴ ወስዳዋለች።"

"ከፋህ?"

"ምን ይከፋኛል። በሩ ላይ ግን ትንሽ ቆሜ ነበር።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። የሞጣው አውቶቡስ ሊነሳ ጥቂት ቀርቶታል። አለቃው የሚጠብቀው "አሮጌው ተወግዷል" የሚል ሪፖርት ነው።

"እስቲ አንዴ ተነሺልኝ" አላት።

ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። "ፒፕ" የሚለውን አጭሩን ስም ከአዲሱ ላይ አንስቶ ለአሮጌው መለሰው፤ አዲሱን "ፒፕ ሦስት" ተብሎ ሲጠራ ብቻ አቤት እንዲል አደረገው። ከዚያ ተነስቶ የራሱን ወረቀት ከግድግዳው ላጠና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

"በይ፣ በእሱ ጻፊ።"

ሲዲውን አስገባች፤ የባሏን መስመር እያየች በአንድ ጣቷ ጻፈች። ቀይ አልወጣም። እጇን ከፊደሎቹ ላይ ሳታነሳ ቆየች።

"አንተስ? የራስህን ሥራ በምን ልትሠራ ነው?"

"ኋላ የመጣሁት እኔ አይደለሁ? ረጅሙን እጽፋለሁ።"

ውጭ አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። እንዳለው ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠና የመጣበትን የማደስ ሥራ በአዲሱ ፓይተን ጀመረ። ሳያስበው "ፒፕ" ብሎ ጻፈ፤ ቆም ብሎ ቁጥሯን፣ ሦስትን፣ ጨመረባት።