ለአምባላይ የመጣው ድንጉላ

ድንጉላው ፈረስ ጠዋት ግቢዬ ሲገባ አንድ ገልባጭ መኪና ከአጥሩ ጀርባ ክላክሱን ለቀቀው። የቂሊንጦን መንገድ ሾፌሮች ታውቋቸው የለ፣ ልጆቼ፤ ሙት ይቀሰቅሳሉ። ዶሮዎቼ ተበተኑ፤ እኔም ክው አልኩ። ድንጉላው ግን ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

«አዩት አይደል፣ አዴ ዳሲቱ?» አለ ሻፊ ገመዱን እንደያዘ። «የዓረብ ዘር ነው። እንዲህ ያለ ገራም ከየት ይመጣል?»

እኔም በልቤ የጠየቅኩት ይኼንኑ ነው። ከየት ይመጣል?

የዓረብ ፈረስ ደመ ሙቅ ነው፤ ቶሎ ይደነግጣል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱና እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የረጋውን ከረጋችው እያገናኘን፣ የሚናከሰውንና የሚራገጠውን እያስቀረን ነው አምባላይ ላይ የደረስነው። ነጭ ባዝራ ናት። መራመድ ያቃታቸው ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ከገላን ኮንዶሚኒየም እየመጡ ጀርባዋ ላይ ይቀመጣሉ። ቢጮሁባት፣ ጋማዋን ቢጎትቱት፣ ንቅንቅ አትልም። አሁን ግን አርጅታለች። የከብት ሐኪሙ «አንድ ጊዜ ትወልድ ይሆናል፤ ከዚያ ይብቃት» ብሎኛል። ያ አንድ ውርንጭላ ክፉ ከወጣ ዘሩ አለቀ፤ የልጆቹም ቅዳሜ አብሮ አለቀ።

ታዲያ እንዴት አልጠርጥር? ሻፊን የማውቀው ፉርሽካ ከሱ ስገዛ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትውውቅ የለንም።

«ባዝራዬ ወንድ መፈለጓን ማን ነገረህ?»

«ጋሽ ፈየራ ናቸዋ።»

ጎረቤቴ ፈየራ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያያል። «ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል እኮ! ስትጮህ ነው የከረመችው።»

«ለማስጠቃቱስ ምን ልትጠይቀኝ ነው?»

«ምንም።»

ቃሊቲ ውስጥ በነፃ የሚገኝ ነገር አቧራ ብቻ ነው። «ምን አጠጥተኸው መጣህ?» አልኩት ፊት ለፊት።

«ውሃ! ወላሂ ውሃ ብቻ!»

አፉን አሸተትኩት። የዓይኑን ቆብ ገልብጬ አየሁ። «የሚያደነዝዝ መርፌ ተወግቶ ከሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይለቀው ይሆናል። እዚሁ ይቆያል።»

«እኔስ?»

«አንተም።»

ፈየራ ሳቀ። «ሻፊ፣ ታሰርክ! የቃሊቲው ማረሚያ ቤት ቅርንጫፍ ከፍቷል።»

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ድንጉላው ሣር በላ፣ ውሃ ጠጣ፤ አቋሙም የደነዘዘ እንስሳ አቋም አይደለም። መኪኖች ጮኹ፤ አሁንም ምንም። ይበልጥ ያስፈራኝ ይኼ ነው። አምባላይ እንኳ ጆሮዋ ወደ ድምፁ ዞር ይላል፤ ሰምታ ነው የምትተወው። የሱ ጆሮ ግን የሚዞረው ዓይኑ ወደሚያይበት ብቻ ነው።

ቆርቆሮ ውስጥ ገብስ ጨምሬ ከኋላው አንቀጫቀጭኩለት። ለገብስ ጆሮውን ያላዞረ ፈረስ በዕድሜዬ አላየሁም። እሱ ግን ሣሩን ያላምጣል።

«ሻፊ፣ ይኼ ፈረስ ደንቆሮ ነው።»

«ኧረ ብልህ ነው፣ አዴ! ለምን ይሰድቡታል?»

«ጆሮውን ነው የምልህ። አይሰማም። ገራምነቱ ከደሙ ይሁን ከጆሮው በምን ይታወቃል?»

የሻፊ ፊት ዐመድ መሰለ። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ፈረሱን ለሸጠለት ሰው፣ ለጀቤሳ ደወለ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈተው። ጀቤሳ ተንተባተበ፣ ተንተባተበና አመነ። ፈረሱ ድንጋይ በድማሚት የሚፈነዳበት ቦታ አጠገብ ሁለት ዓመት ታስሮ ኖሯል፤ ጆሮው የጠፋው እዚያ ነው እንጂ በዘር የመጣ አይደለም።

«ይሰማ በነበረ ጊዜ ጠባዩ እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ድማሚቱ ሲፈነዳ ገመድ በጥሶ ይሮጥ ነበር፣ እማማ።»

«ለድማሚትማ እኔም እሮጣለሁ። ሰው ረግጦ ያውቃል ወይ?»

 

«እኔ ሲራገጥ አላየሁም» አለና ስልኩን ቶሎ ዘጋው።

እንግዲህ የሰው ቃል አልረዳኝም። የማይሰማ ፈረስ ሳያይ ከኋላ ሲነካ ውስጡ ያለው ይወጣል። ወደ ኋላው ሄድኩ።

«ዳሲቱ፣ ተይ!» ጮኸ ፈየራ። «ጥርስሽን ልታስለቅሚ ነው?»

«የቀሩኝ ሦስት ናቸው» አልኩና መዳፌን ጭኑ ላይ አሳረፍኩ።

መላ ሰውነቱ ተንዘፈዘፈ። የኋላ እግሩ ተነሳ። ኮቴው ከጉልበቴ ትይዩ አየር ላይ ቆመ፣ ልጆቼ። አንገቱን አዙሮ አየኝ። አየኝና ያነሳውን ኮቴ ቀስ አድርጎ መልሶ መሬት ላይ አሳረፈው።

ሻፊ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ላቡን ይጠርጋል።

«አሁን ንገረኝ፣ ለምንድን ነው በነፃ?»

«ሐጀራ የኔ ልጅ ናት።»

ሐጀራን አውቃታለሁ፤ ከቅዳሜዎቹ ልጆች አንዷ ናት። ከአክስቷ ጋር ነው የምትመጣው፤ አንገቷ ቀና የሚለው አምባላይ ላይ ስትቀመጥ ነው።

«ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም፣ አንተ?»

«ብነግርዎት አዝነው ሳይመረምሩ ይቀበሉኝ ነበር። እኔ ስለ ፈረስ ምን አውቃለሁ? እንዲጠረጥሩልኝ ነው ያመጣሁት።»

ሄጄ አምባላይን ፈታኋት። በፊት ለፊቱ፣ ከሩቅ እንዲያያት አድርጌ እየመራሁ አመጣኋት።

«ገመዱን ላላ አድርግለት፣ ልጄ» አልኩት ሻፊን። «አንተ ደግሞ ፈየራ፣ ከአጥሩ ላይ ውረድ፤ ሠርግ መሰለህ?»