በሰያፍ የሚለካው ላፕቶፕ

ልብስ ሰፊው ላፕቶፕ ሊገዙ ሲሄዱ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው ነበር። ረስተውት እንዳይመስላችሁ። ሰውዬው ሳይለኩ የሚገዙት ነገር የለም። ፍሪጅ ሲገዙ መጀመሪያ የቤታቸውን በር ለክተዋል፤ አልጋ ሲገዙ ሱቁ ውስጥ በቁመታቸው ተጋድመው አስለክተዋል። ልጃቸው አጠገባቸው እየሄደች፣ "አባዬ፣ ኧረ ሜትሩን ኪስህ ክተተው፣ ሰው ያየናል" ብትላቸው፣ "ቢያየንስ? ሰርቀን አልመጣን!" ብለው ዘጉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ የውሃ መስመር የሚዘረጋ ድርጅት ውስጥ በንድፍ ሠራተኛነት ተቀጥራለች። ድርጅቱ ታዲያ ሁለት ቦታ አቅርቦ ምረጪ አላት። አንደኛው ዋናው መሥሪያ ቤት ቁጭ ብሎ ሌሎች ለክተው የሚልኩትን መሳል ነው፤ ከቤታቸው በእግር ሃያ ደቂቃ። ሌላው ከመስክ ቡድኑ ጋር ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ እዚያው ለክቶ እዚያው መሳል ነው፤ ሁለት ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። የትኛውንም ብትመርጥ ላፕቶፕ ይዛ የምትመጣው ራሷ ናት። መልሱን ደግሞ ዛሬ ዓርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮው ከመዘጋቱ በፊት መስጠት አለባት።

አባትና ልጅ ስለዚህ ጉዳይ ሳምንቱን ሙሉ ትንፍሽ አላሉም። ስለ ላፕቶፕ ግን ኧረ ስንቱን አወሩ! እሷ "ቀለል ያለ ይሻላል" ስትል እሳቸው "ደልደል ያለ ትልቅ" ይላሉ። እሷ ቀላል ስትል መስክ ማለቷ ነው፤ እሳቸው ትልቅ ሲሉ ቅሪ ማለታቸው። ሁለቱም ይህን አሳምረው ያውቃሉ፣ ሁለቱም አያነሱትም። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ ያሉት እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ልብስ ሰፊው ከደንበኛ ጋር ሲሆኑ ምላሳቸው አያርፍም፤ "ብቻዬን አትተይኝ" የምትለዋን ግን ከጉሮሯቸው ከማውጣት ሞት ይሻላቸዋል። ስለዚህ ከቤት ንቅንቅ የማይል አንድ ግዙፍ ላፕቶፕ ገዝቶ መገላገል ብለው ወሰኑ። ትልቅ ሰው፣ ይህን የመሰለ ዘዴ! ደግሞ በዘዴያቸው ኮርተው መንገዱን ሙሉ ሲያፏጩ ነበር።

ሱቁ ጠባብ ሆኖ በመብራት ተጥለቅልቋል። መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰቀለች ሻጭ በፈገግታ ተቀበለቻቸው። መደርደሪያው ላይ ላፕቶፖቹ ተከፋፍተው ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ፊት መጠኑ የተጻፈበት ወረቀት ቆሟል። ልብስ ሰፊው ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ ሜትሩን ከአንገታቸው ሳብ አድርገው ትልቁ ስክሪን ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ዘረጉት። ለኩ። ወረቀቱን አዩ። እንደገና ለኩ።

"የኔ ልጅ፣ እዚህ አሥራ ሰባት ነጥብ ሦስት ኢንች ይላል አይደል?"

"አዎ አባት።"

"ይሄ አሥራ አምስት ነው።"

ሻጯ ልታስረዳ ስትል እሳቸው ወደሚቀጥለው አለፉ። አሥራ አምስት ነጥብ ስድስት የሚለው አሥራ ሦስት ተኩል ወጣው። አሥራ አራት የሚለው አሥራ ሁለት ብቻ። ጉድ ፈላ! "ከሁሉም ላይ ሁለት ሁለት ኢንች ቀምታችኋል እኮ!" አሉ፣ ድምፃቸው ጥግ ላይ ቻርጀር የሚያማርጡት ሰዎች ዘንድ ደርሶ። "እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ከሰው ጨርቅ ላይ አንዲት ጣት ጎድላብኝ አታውቅም። ሁለት ኢንች ሰርቄ ሱሪ ብሰፋ፣ ሰውየው አንገቴን ይዞ ነው የሚመልሰኝ!"

"አባዬ፣ በናትህ..." ልጅቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

"ተይኝ! አንቺን ሲያታልሉሽ ቆሜ ልይ?"

ሻጯ ደግነቱ ሳቂታ ነች። ሜትሩን በትሕትና ከእጃቸው ተቀብላ አንዱን ጫፍ ስክሪኑ ግርጌ ማዕዘን ላይ፣ ሌላውን ተሻግራ ላይኛው ማዕዘን ላይ አሳረፈችው። አሥራ ሰባት ኢንች፣ ከዚያም ትንሽ አለፍ። "ስክሪን የሚለካው በሰያፍ ነው አባት" አለች።

ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብለው አዩት። ፊታቸው ቀላ። ዝም ማለት ግን ከየት ይምጣ! "በሰያፍ የሚለካ ነገር ዛሬ ገና አየሁ" አሉ። "ጨርቅ በሰያፍ ከያዝሽው ይለጠጣል። ሞኝ ብቻ ነው በሰያፍ የሚለካ።" ቻርጀር የሚያማርጡት ሰዎች ሳቁ፤ ሻጯም ሳቀች፤ መጨረሻ ላይ እሳቸውም ሳቁና ይቅርታ ጠየቁ። ሜትሩን ግን ኪሳቸው አልከተቱትም።

"እሺ፣ ልኩ ይቅር። ይቺ ልጅ በየዓመቱ አዲስ አትገዛም። የትኛው ነው ብዙ የሚያገለግላት?"

"ተጠንቅቃ ከያዘችው አምስት ስድስት ዓመት አያሳፍራትም" አለች ሻጯ። "ግን ውጪውን ትተው ውስጡን ይዩ። የንድፍ ፕሮግራም ራም ይበላል። ዛሬ አሥራ ስድስት ጊጋ ይበቃታል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ላይበቃት ይችላል።"

"ራም ደግሞ ምንድን ነው?"

ልጃቸው ጣልቃ ገባች። "የመቁረጫ ጠረጴዛህ በለው። ሰፊ ከሆነ ሦስት ጨርቅ ባንዴ ዘርግተህ ትሠራለህ። ጠባብ ከሆነ አንዱን ሳታጥፍ ሌላውን መዘርጋት አትችልም፤ ሥራው ይንቀራፈፍብሃል።"

"ገባኝ። ጠረጴዛው ሲጠባት ታዲያ መቀጠል ይቻላል?"

"የትልቁን ይቻላል፤ ከሥር ተከፍቶ ይጨመርለታል" አለች ሻጯ። ከዚያ ልጅቱ ሳምንቱን ሙሉ በስልኳ ስታየው የከረመችውን፣ እንደ ደብተር የሳሳውን ባለ አሥራ ሦስት ኢንች አነሳች። "የዚህ ግን ራሙ ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ነው የሚመጣው። አንዴ ከተገዛ ወይ ፍንክች።"

ልብስ ሰፊው ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። ለተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ቅምቅማቱ ውስጥ አራት ጣት ትርፍ ጨርቅ አጥፈው ይተዋሉ፤ ልጁ ሲያድግ ተፈትቶ ይለቀቃል፣ ወላጅም ይመርቃቸዋል። ትርፍ ሳይተው የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ዓይኑን ማየት አይፈልጉም። "ይሄማ ትርፍ ያልተተወለት ልብስ ነው!" አሉ ቀጭኑን በንቀት እያዩ። "ለዛሬ ብቻ የተሰፋ! ትልቁን ነው የምንወስደው። አለቀ!"

ልጅቱ ስትከራከር ጠበቁ፤ ሳምንቱን ሙሉ የተከራከረች ልጅ ናትና። እሷ ግን ትንሽ ቆይታ "እሺ አባዬ" አለች። "ትልቁ ይሁን።"

እንዲህ በቀላሉ? ልብስ ሰፊው ደስ ሊላቸው ሲገባ አንድ ነገር አልጥም አላቸው። ምን እንደሆነ ስላልገባቸው የለመዱትን አደረጉ። ማንም ደንበኛ ልብሱን ለብሶ ሳይታይ ከሱቃቸው ወጥቶ አያውቅም። "ቦርሳ አለሽ?" አሉ ሻጯን። "ቻርጀሩንም ጨምሪበት። ልጄ፣ ያዥውና እስኪ ወዲያ ወዲህ በይ።"

ላፕቶፑ ሦስት ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ቻርጀሩ ደግሞ የጡብ ታናሽ ወንድም ነው። ልጅቱ ቦርሳውን በቀኝ ትከሻዋ አንግታ እስከ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች። አርባ ዓመት የሰው ጀርባ ያየ ዓይን አይሳሳትም። ቀኝ ትከሻዋ ወረደ፣ አንገቷ ወደ ግራ አዘነበለ፣ ወገቧ ጎበጥ አለ። እሷም ፊታቸው መጥታ ቆመችና ፈገግ ብላ፣ "ይመቸኛል" አለች።

ያቺን "ይመቸኛል" ያውቋታል! ሱሪው ወገቡ ላይ አንቆት፣ ልብስ ሰፊውን ላለማስቀየም "ይመቸኛል" ብሎ የሚሄድ ደንበኛ አለ። ሰውየው ልብሱን ቤቱ ወስዶ ይሰቅለዋል፤ አንድ ቀን አይለብሰውም። ልብስ ሰፊው እንዲህ ያለውን ደንበኛ ከበር መልሰው፣ አስወልቀው፣ ስፌቱን ፈትተው እንደገና ይሰፉለታል። አሁን ደግሞ የገዛ ልጃቸው ቆማ ይመቸኛል አለቻቸው። አፈሩ። ሳምንቱን ሙሉ የለኩት እሷን አልነበረም፤ ራሳቸውን ነበር። ማታ ማታ ባዶ ቤት የሚፈራውን ሽማግሌ ለክተው ልብሱን ለልጃቸው ሊያለብሱ ኖሯል!

"አውልቂው" አሉ።

"ምኑን?"

"ቦርሳውን። አልሆነሽም።" ወደ ሻጯ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ ሰው ሊሸከመው የሚችል፣ ግን ደግሞ ትርፍ የተተወለት ነገር የለም? ወይ የሚያጎብጥ ወይ የሚሰበር ብቻ ነው የምትሸጡት?"

ሻጯ መነጽሯን ከፀጉሯ ላይ አውርዳ አደረገችና ከታችኛው መደርደሪያ ባለ አሥራ አራት ኢንቹን አወጣች። አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም። አሥራ ስድስት ጊጋው ቦርዱ ላይ ነው፤ አጠገቡ ግን ሲያስፈልግ የሚጨመርበት አንድ ባዶ ቦታ አለ። ፕሮሰሰሩ የትልቁን ያህል ነው። ባትሪው የሥራ ቀኑን ይዘልቃል፤ ሲደክም ደግሞ ተፈትቶ ይቀየራል። "ክዳኑ ብረት ነው፣ ጉዞ ይችላል። ስክሪኑ ከጠበባት ቁጭ ብላ በምትሠራበት ቦታ ትልቅ ስክሪን ሰክታ መሥራት ትችላለች" አለች። "ስትነሳ ነቅላ ትሄዳለች።"

"ስትነሳ ነቅላ ትሄዳለች" አሉ ልብስ ሰፊው፣ ቃሏን ደግመው። ቦርሳው ውስጥ አስገቡት፤ ልጅቷን እንደገና አስኬዷት፤ ትከሻዋን አዩ። ልክክ። "እሱን ስጪን።"

ከሱቁ ሲወጡ አሥራ አንድ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ልጅቱ አልተራመደችም። እዚያው ደረጃው ላይ፣ ዕቃውን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ፊቷ አመድ መስሏል። ልብስ ሰፊው ደነገጡ።

"ምነው? ቀለሙ አስጠላሽ እንዴ?"

"አባዬ፣ ለምን እምቢ አላልክም?"

"ምኑን?"

"ትልቁን ያዢ ብለህ ድርቅ ትላለህ ብዬ ነበር። አንተ ድርቅ ካልክ ደግሞ ማን ይችልሃል! ከዚያ 'አባቴ ከባድ ላፕቶፕ ስለገዛልኝ መስክ አልችልም' ብዬ በአንተ አሳብቤ እቀር ነበር።" ቀና ብላ አየቻቸው። "መስኩን እፈልገዋለሁ፤ ከልቤ ነው የምፈልገው። ግን ፈርቻለሁ። ከቤት ወጥቼ አድሬ አላውቅም። አንተንስ ለማን ትቼህ እሄዳለሁ?"

ልብስ ሰፊው አጠገቧ ተቀመጡ። መንገደኛው በጎናቸው እየታከከ ያልፋል። ሳቃቸው መጣ፣ ግን አፋቸው ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆነ። እሳቸው እሷን ለማስቀረት፣ እሷ ደግሞ እንዲያስቀሯት፣ ያንን ጡብ የሚያህል ነገር ተጋግዘው ሊሸከሙ! ሱቁ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ፊት ያላፈሩትን ያህል አሁን አፈሩ፤ ደግሞም ደስ አላቸው።

"እኔም ፈርቻለሁ" አሉ። በቃ፣ ያቺ ቃል ወጣች። ስትወጣ ያን ያህልም አልጎዳቻቸውም። "እንዳትሄጂ ብዬ ነው ትልቅ ትልቅ ስል የከረምኩት። ቤቱ ያለ አንቺ ምን እንደሚመስል ሳስበው እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ይኸው ነገርኩሽ።"

"እና ምን ይሻላል?"

"እኔ እንጃ። ሁለት ፈሪዎች ነን። ግን አንዳችን ሥራ አለው፣ ሌላውም ሥራ አለው፣ ሰው ደግሞ ሥራ እየሠራም ይፈራል። እኔን ለማንም አትተዪኝም፤ እኔ ዕቃ ነኝ እንዴ? ደውዪ።"

"አሁን?"

"ሊዘጉ ነው! ደውዪ ብያለሁ።"

ስልኳን አውጥታ ደወለች። ሁለት ጊዜ ጠራ። አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ ሲያነሳ፣ ልብስ ሰፊው ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። ልጅቱ ስሟን ተናገረች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ አባቷን አየቻቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁላት።

"መስኩን ነው የመረጥኩት" አለች። "አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ። አዎ፣ ላፕቶፕ አለኝ። ሰኞ ጠዋት? እሺ። አመሰግናለሁ።"

ስልኩን ዘጋች። ልብስ ሰፊው ጉልበቷን መታ መታ አደረጉና፣ "ጎበዝ። ድምፅሽ አንዴም አልተሰበረም" አሉ። "እንግዲህ አሁን ማልቀስ ይቻላል።"

ቀድመው የጀመሩትም እሳቸው ነበሩ።