ከነሠራተኛዋ የሚሸጥ ቤት

ደላላው በማስታወቂያው ላይ «ታሪካዊ የከተማ ቤት፣ በተከበረ ሰፈር» ብሎ ጀመረና ከዚያ በኋላ አፉን የሚይዘው ጠፋ። ቤቱ ባለሦስት ፎቅ ነው፤ ከግራና ከቀኝ ጎረቤቶቹ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ፣ ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ የቆመ። ሰፈሩ ደግሞ ውሾች የግል ሐኪም ያላቸው፣ ሰዎች ግን ጎረቤታቸውን ሰላም ለማለት ቀጠሮ የሚይዙበት ሰፈር ነው። የማይገጥመውን መስኮት ደላላው «ኦሪጅናል» አለው። ሲረገጥ የሚያቃስተውን የእንጨት ደረጃም «ኦሪጅናል» አለው። ኮርኒሱ ላይ የተንጣለለውን የውሃ እድፍ እንኳን ቀና ብሎ አይቶ፣ ጥቂት አሰብ አደረገና፣ «ይሄም ኦሪጅናል ነው» አለ።

ሚጣንም ያያት በዚሁ ዓይኑ ነው። ሚጣ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች የልጅነት ስሟ እንደተለጠፈባት ቀረ። ታላላቆቿ ጋሼና እትዬ ትዳር ይዘው ሲወጡ እሷ ከእናታቸው ጋር ቀረች። እናትየው አልጋ ከያዙ በኋላም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አገላብጣ፣ አጥባ፣ አጉርሳ ጦረቻቸው። ሲሞቱ ኑዛዜያቸው ቤቱን ለሦስቱም እኩል አደረገው። ደላላው መጀመሪያ የመጣ ቀን ግን በሩን የከፈተችለትን ሴት ሽርጥ አየና፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጃንጥላውን አስታቅፎ «ባለቤቶቹ አሉ?» አላት።

ሰው ሲሳሳት ይታረማል። ጋሼና እትዬ ሳሎን ተቀምጠው ሰምተዋል። ጋሼ ሊያርመው አፉን ሲከፍት ግን ደላላው ቀደመው።

«እንዲህ ያለ ቤት የሚገዛ ሰው ግድግዳ ብቻ አይደለም የሚገዛው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከቤቱ ጋር ያረጀች ታማኝ ሠራተኛ በር ስትከፍትለት ልቡ ቅልጥ ነው የሚለው። እሷ ራሷ ኦሪጅናል ናት።»

ጋሼ አፉን መልሶ ዘጋ። መሐንዲስ ነው፤ በሥራው ላይ አንዲት ስህተት አያሳልፍም ይባላል።

«ለጥቂት ቀን እኮ ነው፣ ሚጣዬ» አለቻት እትዬ ደላላው ከሄደ በኋላ። «ምን ይጎድልብሻል? ያው የለመድሽውን ነው የምትሠሪው።»

እውነቷን ነው። ሚጣ አዲስ ልብስም ልምምድም አላስፈለጋትም፤ እንዳለች ብቅ ማለቷ በቂ ነበር። ያንገበገባትም ይኸው ነው።

ጋሼ ግን ሌላም ነገር ይፈልግባት ነበር፤ ውክልና። «ድርሻሽን እኔ እይዝልሻለሁ። አንቺ ምን ታደርጊበታለሽ? እኛ ጋ ነው የምትኖሪው፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ቀለም አስቀብቼልሻለሁ» ይላታል። ከዚያች ክፍል ጎን መንታ የልጅ ልጆቹ እንደሚተኙ ማንም አላነሳም። ሚጣ የምትመኘው የራሷ በርና የራሷ ቁልፍ ያላት ሁለት ክፍል ቤት ነበር። በእናቷ ቤት ድርሻዋ ካልሆነ ደግሞ ያቺን ቤት የምታገኝበት ሌላ መንገድ የላትም። ግን ታላቅ ወንድም ፊት ቆሞ እምቢ ማለት ከየት ይምጣ? ወረቀቱን ይዞ በጠራት ቁጥር «እጄ እርጥብ ነው፣ ጋሼ» ትለዋለች፤ እጇ ሁልጊዜም እርጥብ ስለሆነ አንድም ቀን አልዋሸችም።

ገዢዎች መጡ፣ ሄዱ። በሦስተኛው ሳምንት ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ደረጃ የሚወጣ አንዲት ወይዘሮ መጣች። ሚጣ እየመራች አስጎበኘቻት፤ የትኛው መስኮት ወረቀት እንደሚወተፍበት፣ የትኛው ቧንቧ ሁለቴ ካልተጠመዘዘ እንደማይዘጋ፣ ጠዋት ፀሐይ በየትኛው ክፍል እንደምትገባ ነገረቻት። ደላላው ከኋላ ሆኖ ዝም እንድትል ዓይኑ እስኪደክም ጠቀሳት። ወይዘሮዋ ግን በእያንዳንዱ ጉድለት ይበልጥ ደስ አላት።

«ቤቱን ወስጄዋለሁ» አለች ወደ ሳሎን ስትመለስ። «ግን ከነሷ ነው።»

ወይዘሮዋ ከሄደች በኋላ ጋሼና እትዬ ለምክክር ተቀመጡ። ሚጣ ሻይ አቀረበችላቸው።

«መንታዎቹን ማን ሊይዝልኝ ነው?» አለ ጋሼ።

«እህታችንን እንደ ዕቃ አሳልፈን እንስጥ?» አለች እትዬ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ሻይዋን ፉት ካለች በኋላ ግን ተረጋጋች። «ቢያንስ ቅዳሜና እሁድ እኔ ጋ ትምጣ።»

ሚጣን የጠየቃት የለም። ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወጣች።

ለፊርማ በተሰበሰቡበት ቀን ውሉን ያዘጋጀው ጠበቃ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና «ሦስተኛዋ ወራሽስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ራቅ ብላ ነው ያለችው፤ ወንድሟ ወክሎ ይፈርምላታል» አለች እትዬ፣ ሚጣ ሁለት እርምጃ ርቃ ባዶ ትሪ ይዛ እንደቆመች። ጋሼ ያልተፈረመውን ውክልና የያዘበትን ኪሱን መታ መታ እያደረገ በዓይኑ ወደ ደረጃው ጠራት። ሚጣ ልትከተለው ስትል ወይዘሮዋ አስቆመቻት።

«ከመፈረሜ በፊት ከሷ ጋር ልጨርስ። ነይ እስቲ። የእረፍት ቀንሽ መቼ ነው?»

ሚጣ መጀመሪያ ጥያቄው አልገባትም። ሲገባት አሳመማት። ወንድሟ ጠይቋት አያውቅም፤ እህቷም። እናቷም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ቀን አልጠየቋትም። ዕድሜዋን ሙሉ ይህን የጠየቀቻት ብቸኛ ሰው ከነመስኮቱና ከነቧንቧው ልትገዛት የመጣች ሴት ናት።

«እሷ እረፍት አትወድም» አለ ጋሼ ፈገግ ብሎ።

ሚጣ ትሪውን አስቀመጠችና ወንበር ስባ ከጠበቃው ፊት ለፊት ተቀመጠች። «ሦስተኛዋ ወራሽ እኔ ነኝ» አለችው። «ለማንም ውክልና አልሰጠሁም። ድርሻዬ በራሴ ስም ይጻፍልኝ።» ጠበቃው ሙሉ ስሟን ጠየቃት፤ እስከ አያቷ ነገረችው። ደላላው ስሟን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

ወይዘሮዋ ሦስቱን እያፈራረቀች አየች። አፍንጫቸው አንድ ነው፤ ግን ሽርጥ ያደረገችን ሴት አፍንጫ ማን ያያል? «ታዲያ ቤቱ ያለ ሠራተኛ ነው ማለት ነው?» አለች። «እንዲያ ከሆነ ዋጋው ላይ እንደገና መነጋገር ይኖርብናል።»

ጋሼ ሚጣ አጠገብ ተቀመጠ። «እህቴ» አለ፤ እንዲህ ብሎ ከጠራት ሠላሳ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። «ለስድስት ወር ብቻ ብትገቢላቸውስ?»

«አንተ ግባላቸው፣ ጋሼ። ዋጋውም አይቀንስብን፤ የእረፍት ቀንም ይሰጡሃል» አለችና ከጠበቃው እጅ እስክሪብቶውን ተቀበለች። «ሂድ፣ እንግዶቹ ሻይ አልቀረበላቸውም።»

ጋሼ ብድግ አለ። ከሳሎኑ የሚያስወጡት በሮች ሦስት ናቸው፤ ተወልዶ ባደገበት ቤት የወጥ ቤቱ በር የትኛው እንደሆነ ለመጠየቅ አፈረ።