ሳይቆጠር የተጻፈ የልብ ምት

እሁድ ከሰዓት በኋላ አይናዲስ ጫማዋን አውልቃ የብርኽቲ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተዘረረችና ማቃሰት ጀመረች። ዘመኑ 1970 ነው። ሁለቱም የሦስተኛ ዓመት የነርስ ተማሪዎች ነበሩ። የመጨረሻው ፈተና ሁለት ሳምንት ስለቀረው እሪ በከንቱ ሰፈር ካለው የብርኽቲ ወላጆች ቤት እየተገናኙ ይለማመዳሉ፤ አንዷ በሽተኛ ስትሆን ሌላዋ ነርስ ትሆናለች።

«ሲስተር፣ ልሞት ነው እንዴ?» አለች አይናዲስ ድምፅዋን አድክማ።

«አይዞዎት፣ ምንም አይሆኑም» አለች ብርኽቲ።

አይናዲስ ብድግ ብላ ተቀመጠች። «ወደቅሽ! ምንም አይሆኑም አይባልም። በምን ታውቂያለሽ? ምን እንዳስፈራው ትጠይቂዋለሽ፣ ቁጭ ብለሽ ትሰሚዋለሽ።» ደብተሯን ገለጠች። «እሺ፣ ወደ መድኃኒት። ዲጎክሲን፣ የልብ ኪኒን። ከመስጠትሽ በፊት ምን ታደርጊያለሽ?»

ብርኽቲ መልሱን ታውቀዋለች። የልብ ምት አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጠራል፤ ከስድሳ ካነሰ ኪኒኑ ይቀርና ለሐኪም ይነገራል። ነገር ግን ደብተሩን ከአይናዲስ እጅ ወስዳ ዘጋችው።

«ምነው? ይሄ እኮ የሕፃን ጥያቄ ነው!»

«አልቆጠርኩም፣ አይኑዬ» አለችና ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

ነገሩ የሆነው ሐሙስ ጠዋት ነው። በሚለማመዱበት ሆስፒታል፣ በወንዶች ክፍል መድኃኒት የማደል ተራው የእሷ ነበር። በሦስት ሰዓት የውይይት ክበብ አለ፤ የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። ወላጆቿ ከትግራይ የመጡ በመሆናቸው የሆስፒታሉ ካድሬ በክፉ ዓይን ያያት ነበርና መቅረት አልደፈረችም። የመጨረሻው አልጋ ላይ የተኙት አቶ ገብረትንሣኤ፣ ፒያሳ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ፣ እንደ ልማዳቸው በትግርኛ «ጓለይ» ብለው፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ የልብ ምታቸውን እንድትቆጥር እጃቸውን ዘረጉላት። እሷ ግን ኪኒኑን ሰጥታቸው፣ የትናንቱ ሰባ ሁለት ስለነበር ቻርቱ ላይ ሰባ ሁለት ብላ ጽፋ ሮጠች።

ከሰዓት በኋላ ሰውየው ያስመልሳቸው ጀመር። የልብ ምታቸው ወደ ሠላሳ ስምንት ወረደ። ሐኪሞች ተረባርበው አተረፏቸው። ካድሬው ቻርቱን አይቶ «ጠዋት ደህና ነበሩ። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ሌላ ኪኒን የጨመረ አለ» አለ። የመድኃኒት ሳጥኑ ቁልፍ ያለው ደግሞ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አስካለ እጅ ብቻ ነው። የእሳቸው ወንድም በፖለቲካ ታስሮ ስለነበር ወዲያው አሻጥር ተባለ። ዓርብ ጠዋት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ሲስተር አስካለን ወሰዷቸው።

አይናዲስ እስክትጨርስ ሰማቻት። ከዚያ ጫማዋን ፈልጋ ማሰር ጀመረች።

«ለማን ነገርሽ?»

«ላንቺ ብቻ።»

«እንግዲያው እኔም አልሰማሁም። ፈተናው ይለፍና ትናገሪያለሽ።»

«እስከዚያ ሲስተር አስካለስ?»

አይናዲስ ቀና ሳትል የጫማዋን ክር ጠበቅ አድርጋ ወጣች።

ብርኽቲ ነጠላዋን ደረብ አድርጋ ዳገቱን ወጣች። ፒያሳ ኬክ ቤቶቹ ደጅ የእሁድ ሰው ሞልቷል፤ የሚያውቋት ሰላም ሲሏት አልሰማቻቸውም። የሕሙማን መጠየቂያ ሰዓት ሳያልቅ ሆስፒታሉ ደረሰች።

«ጓለይ፣ መጣሽ?» አሉ አቶ ገብረትንሣኤ ደስ ብሏቸው።

«አባባ፣ ሐሙስ ዕለት እጅዎን ሲዘረጉልኝ አልቆጠርኩም። ቁጥሩን ከራሴ ነው የጻፍኩት።»

ሽማግሌው እጃቸውን ቀስ ብለው ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱ።

«ያ ካድሬ ትናንት መጥቶ ነበር» አሉ። «አስካለ ሁለተኛ ኪኒን ሰጥታዎታል ወይ አለኝ። ሰጥታኝ ይሆናል፣ ደክሞኝ ነበር አልኩት። ወረቀት አቀረበልኝ፣ ፈረምኩ።» ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡ። «የኔስ ነገር ይሁን፣ አርጅቻለሁ። በሰው ላይ አስመሰከርሽኝ እኮ!»

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ።»

«መጀመሪያ ሂጂና ተናገሪ። እኔም ቃሌን አነሳለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ብርኽቲ በሆስፒታሉ ሠራተኞች ስብሰባ መካከል ቆማ ተናገረች። ካድሬው ደጋግሞ የጠየቃት አንድ ነገር ነው፦ «ማን ልኮሽ ነው?» እሷንም ቀበሌው ስድስት ቀን አሰራት። አቶ ገብረትንሣኤ ከአልጋቸው ሳይነሱ ሁለት ጊዜ አዲስ ቃል ሰጡ፤ በዚያ ተፈታች። ከፈተናው ግን ለአንድ ዓመት ታገደች።

በተፈታች ማግስት ሲስተር አስካለ ቤት ሄደች። እሳቸው ማክሰኞ ተለቀው ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግሮቻቸውን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅለዋል፤ ሁለቱም በፋሻ ተጠቅልለዋል። ብርኽቲ ውስጥ እግር ሲገረፍ ምን እንደሚመስል ሆስፒታል አይታ ታውቃለች። በጉልበቷ ወደቀች።

«ቅዳሜ ሌሊት ነው ይሄ» አሉ ሲስተር አስካለ ወደ እግራቸው እያዩ። «ዓርብ ሲወስዱኝ የት ነበርሽ?»

«መስኮቱ ጋ።»

«አየሽኝ?»

«አየሁዎት።»

ሲስተር አስካለ የተፈታውን የፋሻ ጫፍ መልሰው ጠቀለሉ።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ቤቴ ግን ተመልሰሽ አትምጪ።»

በዓመቱ ብርኽቲ ከኋላዋ ከመጡት ጋር ተፈትና አለፈች። የተመደበችውም እዚያው ሆስፒታል፣ እሳቸው በሚመሩት ክፍል ነበር። ሲስተር አስካለ እንደ ማንኛዋም ጀማሪ ሥራ አሳዩዋት፤ ስታጠፋ ገሠጹዋት፣ ስትሠራ «ጎበዝ» አሏት። ያለፈውን አንድ ቀን አላነሱባትም። ብርኽቲ ግን ከግርፋቱ ወዲህ የሚጎተተው እግራቸው ኮሪደሩ ላይ ሲመጣ በሰማች ቁጥር የያዘችውን አስቀምጣ፣ እስኪያልፉ ድረስ ቆማ ትጠብቃለች።